«ትልቅ፣ ዝግና ጠንካራ ይሁን» ለሚለው የውሻ ማደሪያ ምክር የተሰጠ ምላሽ

ጉልበተኛ ለሆነና መካከለኛ ቁመና ላለው ውሻ ምን ዓይነት ማደሪያ መግዛት ወይም ማሠራት እንደሚገባ የሚመክር አንድ ጽሑፍ፣ በደሴና በኮምቦልቻ ውሻ በምናሳድግ ሰዎች ዘንድ ሲዘዋወር ቆይቶ ሰሞኑን ለእኔም ደርሶኛል። ጽሑፉ በአጭሩ ስድስት ነገር ይላል። ሣጥኑ አቅም የቻለውን ያህል ትልቅ ይሁን፤ ዙሪያውን በላሜራ የተዘጋ ይሁን፤ ውሻው ቀን ተዘግቶ ውሎ ማታ ይለቀቅ፣ ጉልበቱ ለሌሊት ጥበቃ ይጠራቀማልና፤ ባጠፋ ጊዜ መቅጫው እዚያው መዘጋት ይሁን፤ የሠለጠኑት አገሮችም የሚያደርጉት ይህንኑ ነው፤ ቦታውም ከግቢው በር ሥር ይሁን። ብዙ ሰው ውሻውን በአጭር ሰንሰለት አስሮ ዝናብም ፀሐይም በሚያስመታበት አካባቢ ጸሐፊው ስለ ማደሪያ አስበው ብዕር ማንሣታቸውን አከብራለሁ። ምክሩ እንዳለ ቢፈጸም ግን ውሻ ይገድላል። ይህን የምለው በግምት አይደለም፤ ዝቅ ብዬ እንደምገልጸው አንድ ውሻ በዚሁ መንገድ ሞቶብኛል።

በመጠኑ ልጀምር። ጸሐፊው «ጉልበተኛ ውሻ መንቀሳቀሻ ይፈልጋል፤ ስለዚህ ሣጥኑ ትልቅ ይሁን» ሲሉ ሁለት የተለያዩ ነገሮችን አንድ አድርገዋል። ውሻ የሚሮጥበትና የሚዘልበት ቦታ ግቢው፣ በአጥር የተከለለ ሜዳ ወይም ከባለቤቱ ጋር የሚወጣበት መንገድ ነው፤ ሣጥኑ ግን የሚተኛበት ነው። መሮጫው በሰፋ ቁጥር ይሻላል፤ መኝታው ግን ልክ አለው። ልኩም ውሻው ራሱን ሳያጎነብስ መቆም፣ ሳይጨናነቅ ዞሮ መመለስ፣ በጎኑ ሆኖ እግሩን ዘርግቶ መተኛት መቻሉ ነው።

ይህን ልክ ለማግኘት ሜትርና ውሻውን የሚያባብል አንድ ረዳት ይበቃል። አሁን ያለኝ ውሻ 21 ኪሎ የሚመዝን የአበሻ ውሻ ነው፤ ከአፍንጫው ጫፍ እስከ ጅራቱ ሥር 74 ሳንቲ ሜትር፣ ቆሞ ከመሬት እስከ ጆሮው ጫፍ 58፣ ከመሬት እስከ ክርኑ 30፣ በትከሻው ላይ ወርዱ 20 ነው። ዓለም አቀፉ የአየር ትራንስፖርት ማኅበር፣ በተለምዶ አያታ የሚባለው፣ በአውሮፕላን ለሚጓዝ ውሻ ሣጥን ያወጣው ስሌት የሰውነቱን ርዝመት ከክርኑ ከፍታ ግማሽ ጋር ደምሮ የሣጥኑን ርዝመት ይሰጣል፤ ወርዱን የትከሻው ስፋት እጥፍ፣ ከፍታውን ደግሞ ቆሞ እስከ ራሱ ወይም እስከ ጆሮው ጫፍ ያለው ቁመት ያደርገዋል። በዚህ ስሌት ለእኔ ውሻ 89 በ40 በ58 ይመጣል። ይህ ለጉዞ የሚሆን ዝቅተኛ መጠን ነው። በቤት ውስጥ በጎኑ ተዘርግቶ ስለሚተኛና ከሥሩም ምንጣፍ ስለሚነጠፍለት፣ ወርዱንና ከፍታውን ጨምሬ 90 በ60 በ65 አሠርቻለሁ። ከውጭ የሚመጣው ባለ 36 ኢንች ኬጅ፣ ማለትም የሽቦ ሣጥንም፣ 91 በ58 በ64 ገደማ ስለሆነ ለአብዛኛው መካከለኛ ውሻ የሚስማማው ይኸው ነው።

ከልኩ ያለፈ ትልቅ ሣጥን ገንዘብ ማባከን ብቻ ቢሆን ኖሮ ባልተከራከርሁ ነበር። ውሻ በተፈጥሮው የሚተኛበትን ቦታ ማቆሸሽ አይወድም፤ ቡችላ ከቤት ውጭ መጸዳዳትን የሚማረውም ይህን ጠባዩን በመጠቀም ነው። ሣጥኑ ከመጠን በላይ ሲሰፋ ግን ቡችላው አንዱን ጥግ መጸዳጃ፣ ሌላውን መኝታ አድርጎ ይለምዳል። ለሚያድግ ቡችላ ገና ከጅምሩ የአዋቂ ልክ ያለው ሣጥን የሚያሠራ ሰው፣ በመካከሉ የሚነሣ መከፈያ ማስገባትና ውሻው ባደገ ቁጥር ወደ ኋላ ማራቅ አለበት። የደሴን ብርድም ማሰብ ይገባል፤ ልክ ያለውን ሣጥን ውሻው በገዛ ትንፋሹና በሰውነቱ ሙቀት ያሞቀዋል፣ የሰፋው ግን እስኪነጋ ቀዝቃዛ ሆኖ ያድራል። በመኪና ጭኖ በደሴና በኮምቦልቻ መካከል ያለውን የሐረጎን ጠመዝማዛ ቁልቁለት የወረደ ሰው ደግሞ ሌላውን ጉዳት ያውቀዋል፤ በሰፊ ሣጥን ውስጥ ያለ ውሻ በየመታጠፊያው ከግድግዳ ግድግዳ ይላተማል። ሣጥኑ ራሱም በገመድ ካልታሰረ ይንሸራተታል።

ሁለተኛው፣ የላሜራው ነገር፣ በእኔ ዘንድ ዋናው ነው። ጸሐፊው «ጉልበተኛ ውሻ የማይሰብረው ነገር ላሜራ ብቻ ነው፤ መተንፈሻ በበሩ ላይ ጥቂት ቀዳዳ ይበቃዋል» ብለዋል። በ2009 ዓ.ም. ኮምቦልቻ ስኖር እኔም ልክ እንደዚህ አስቤ ነበር። ቁንጥንጥና እንጨት ነካሽ የሆነ የሁለት ዓመት ውሻ ስለነበረኝ፣ ዙሪያውን በላሜራ የተዘጋ፣ በበሩ ላይ ጣት የሚያስገቡ ስምንት ቀዳዳዎች ያሉት ሣጥን አሠራሁለት። ግንቦት ውስጥ አንድ ቀን ለቅሶ ለመድረስ ወደ ደሴ ስወጣ ውሻውን ዘግቼው ሄድሁ። ጠዋት ስወጣ ሣጥኑ ጥላ ውስጥ ነበር። ጥላ ግን አብሮ አይውልም፤ ከቀኑ ዘጠኝ ሰዓት ስመለስ ላሜራው እጅ ያቃጥላል። ውሻው ምላሱ ጠቁሮ፣ ዓይኑ ፈጥጦ በጎኑ ወድቋል። ደንግጬ ውሃ በአፉ ለማጠጣት ታገልሁ፤ ማድረግ የነበረብኝ ግን ወደ ጥላ አውጥቶ መላ አካሉን ቀዝቃዛ ውሃ ማፍሰስና ማራገብ፣ ከዚያም ወደ ሐኪም መሮጥ ነበር። በባጃጅ ይዤው ስደርስ ሙቀቱ 42 ዲግሪ አልፎ ነበር፤ ሳይመሽ ሞተ።

ለምን እንደሚሞት ማወቅ ለሚያሠራ ሰው ይጠቅማል። የጤነኛ ውሻ የሰውነት ሙቀት ከ38 እስከ 39.2 ዲግሪ ነው፤ 41 ሲያልፍ የውስጥ አካላቱ መጎዳት ይጀምራሉ። ሰው በመላ ቆዳው ሲያልበው ውሻ ላብ የሚያመነጨው በመዳፉ ሥር ብቻ ስለሆነ፣ የሚቀዘቅዘው በዋናነት በማለክለክ ነው፤ በምላሱና በመተንፈሻው ላይ ያለው እርጥበት ወደ አየሩ ሲተን ሙቀቱን ይዞለት ይሄዳል። በዝግ ሣጥን ውስጥ ግን አየሩ አይንቀሳቀስም፤ በውሻው ትንፋሽ ራሱ ይረጥባል፤ የረጠበ አየር ሌላ እርጥበት ስለማይቀበል ማለክለኩ ከንቱ ይሆናል። እንዲያውም ማለክለክ ራሱ ጡንቻ የሚያሠራ ድካም ስለሆነ ሙቀት ይጨምርበታል። ጉልበተኛ ውሻ ደግሞ ዝም ብሎ አይተኛም፤ ይቧጥጣል፣ ይዞራል፣ በሩን ይገፋል፤ ስለዚህ ከሰነፉ ውሻ ቀድሞ የሚሞተው እርሱ ነው። ጸሐፊው ለጉልበተኛው የመረጡለት ሣጥን ይበልጥ የሚገድለው ጉልበተኛውን ነው ማለት ነው።

«ለሁሉም ቦታ የሚሆን» የሚለው ሐረጋቸውም ለወሎ አይሠራም። ኮምቦልቻ ከባሕር ወለል በላይ 1850 ሜትር ገደማ፣ ደሴ ደግሞ ወደ 2500 ሜትር ከፍታ ላይ ናቸው። ከፍታ በ1000 ሜትር በጨመረ ቁጥር አየሩ በአማካይ ስድስት ዲግሪ ተኩል ያህል ስለሚቀዘቅዝ፣ በ25 ኪሎ ሜትር መንገድ ብቻ በሚለያዩት በእነዚህ ሁለት ከተሞች መካከል የአራት ዲግሪ ያህል ልዩነት አለ፤ ወደ ባቲ ሲወረድ ሙቀቱ የበለጠ ይጨምራል። በኮምቦልቻና ከዚያ በታች ላለ ሰው ቢያንስ ሦስት ጎኑ ፍርግርግ የሆነ፣ ከሣጥኑ ከፍ ብሎ ለብቻው የቆመ የሣር ወይም የሳንቃ ጣራ ያለው ማደሪያ ይሻላል፤ ጣራውና ሣጥኑ ካልተነካኩ በመካከላቸው ነፋስ ያልፋል። በደሴ ግን ሦስት ጎኑን በሳንቃ መዝጋት፣ ፊቱን ብቻ ፍርግርግ አድርጎ ነፋስ ከሚመጣበት በተቃራኒው አቅጣጫ ማዞር፣ ወለሉን ከመሬት 15 ሳንቲ ሜትር ያህል ማንሣትና የጤፍ ጭድ መጎዝጎዝ ይገባል። ጭዱ በየሳምንቱ ካልተለወጠና ሣጥኑ ፀሐይ ካልመታው ቁንጫ ይፈለፈልበታል። ማዳበሪያ የሚባለውን የፕላስቲክ ጆንያ የሚያነጥፉ ሰዎች አሉ፤ ነካሽ ውሻ ክሩን መዝዞ ስለሚውጠውና አንጀቱን ሊዘጋበት ስለሚችል ይቅርባቸው እላለሁ። በክረምት ላሜራ ወይም ቆርቆሮ ላይ በረዶ ሲወርድ የሚሰማውን ድምፅም ማሰብ ነው፤ የውሻ ጆሮ የሰው ጆሮ የማይሰማውን ቀጭን ድምፅ ጭምር ይሰማል፤ ለእኛ የሚከብድ ጩኸት በዝግ ብረት ውስጥ ላለው ውሻ ምን ሊሆን እንደሚችል መገመት አያዳግትም።

ስለ ጥንካሬ ጸሐፊው የተናገሩት ግን እውነትነት አለው። በደሴ ዳርቻ የሚኖር ሰው ጅብ ውሻ እንደሚወስድ ያውቃል። በዶሮ ሽቦ የተሠራ ወይም ከውጭ የሚመጣው የጨርቅ ማደሪያ ከቤት ውጭ ለሚያድር ውሻ አይሆንም። መልሱ ግን ላሜራ አይደለም። የቱቦላሬ ፍሬም ላይ ባለ 8 ወይም ባለ 10 ሚሊ ሜትር ፌሮ ተቀራርቦ ቢበየድ ጅብ ይከለክላል፣ አየርም ያስገባል። በፌሮዎቹ መካከል ያለው ክፍተት የውሻው መንጋጋም ሆነ መዳፍ ገብቶ የማይቀረቀርበት መሆን አለበት፤ ለመካከለኛ ውሻ ከ4 ሳንቲ ሜትር ያነሰ ይሁን እላለሁ። የብየዳው ቅሪት በግራይንደር ይስተካከል፤ በሩ ከላይና ከታች ሁለት መቀርቀሪያ ይኑረው፤ አንገቱ ላይ ያለው ማሠሪያ ከፍርግርጉ ጋር ተያይዞ እንዳያንቀው ሲገባ ይውለቅለት። ዚንክ የተለበጠ ሽቦን የሚያኝክና የተላጠውን ቁራጭ የሚውጥ ውሻ ቀይ የደም ሕዋሱ እየፈረሰ ሊታመም ስለሚችል፣ ነካሽ ለሆነው ውሻ ያልተለበጠ ብረት ጸረ ዝገት ተቀብቶ፣ በደንብ ደርቆና ሽታው ጠፍቶ ቢሰጠው ይመረጣል። እንዲህም ሆኖ ፌሮ ሲነክስ የሚውል ውሻ ክራንቻውን ይሰብራል። እንዲህ ያለውን ውሻ ባየን ጊዜ ወፍራም ብረት መፈለግ ሳይሆን ለምን እንደሚነክስ መጠየቅ አለብን፤ ይህም ወደ ሦስተኛው ነጥብ ያደርሰኛል።

«ቀን የተዘጋበት ውሻ ጉልበቱን ለሌሊት ያጠራቅማል» የሚለው ሐሳብ በከተማችን የተለመደ ነው፤ ጸሐፊው ፈጥረውታል አልልም። ጉልበት ግን በጎተራ እንደሚቀመጥ እህል አይደለም። ቀኑን ሙሉ ተዘግቶ የዋለ ውሻ ማታ ሲለቀቅ የሚያደርገውን ያየ ሁሉ ያውቃል፤ ይፈነጫል፣ የተሰጣ ልብስ ይቦጭቃል፣ ቅጠል በተንቀሳቀሰ ቁጥር ይጮኻል፣ ሲደክመው ደግሞ ሌባ በሚመጣበት ሰዓት ይተኛል። የጠባቂ ውሻ ዋጋው ለይቶ መጮኹ ላይ ነው። ለይቶ እንዲጮኽ ደግሞ በየቀኑ ወደ ግቢው የሚገቡትን፣ ጎረቤቱን፣ የጎረቤቱን ልጆች፣ ወተት የምታመጣውን ሴት፣ በዓይኑ አይቶ በአፍንጫው አሽትቶ ማወቅ አለበት። በላሜራ ውስጥ ተዘግቶ የሚውል ውሻ ይህን ሁሉ አይማርም፤ ስለዚህ ማታ ሰው ሁሉ እንግዳ ይሆንበታል። ውሻ በበላበት ይጮኻል ይባላል፤ የበላበትን ቤት የሚያውቀው ግን በቀን ነው።

እኔ የማደርገውን ልናገር። ጠዋት ከአሥራ ሁለት ሰዓት ተኩል ጀምሮ ውሻዬን በገመድ ይዤ በጦሳ ተራራ ግርጌ አንድ ሰዓት ያህል እንሄዳለን፤ ማሽተት የሚፈልገውን እንዲያሸት አላጣድፈውም፤ ከመሮጥ ይልቅ ማሽተት የበለጠ ሲያደክመው አይቻለሁ። ስንመለስ ጥቂት ቆይቶ ቁርሱን ይበላና ማንም ሳያስገድደው ራሱ ገብቶ ይተኛል። አዋቂ ውሻ በቀንና በሌሊት ተደምሮ ከ12 እስከ 14 ሰዓት ስለሚተኛ፣ ሣጥኑ የሚጠቅመው ይህን ዕረፍት ለማስከበር ነው። በቀን በአንድ ጊዜ ከአራት ሰዓት በላይ ባይዘጋበት፣ ለቡችላ ደግሞ በዕድሜው ወራት ቁጥር ላይ አንድ ጨምሮ ከዚያ ባያልፍ ጥሩ ነው፤ የሁለት ወር ቡችላ ሦስት ሰዓት ቢበዛው ማለት ነው። ቀኑን ሙሉ ሥራ የሚውል ሰው በየመሐሉ የሚከፍትለት ሰው ከሌለው፣ የተከለለ ግቢ ያዘጋጅ እንጂ ሣጥን አይግዛ።

ማታ ይለቀቅ ሲባል ደግሞ አጥር በሌለባቸው ብዙ ሰፈሮች ወደ መንገድ ይለቀቅ ማለት ነው። ጸሐፊው ይህን ያሰቡበት አልመሰለኝም። የእብድ ውሻ በሽታ ሰውን ከሚይዝባቸው አጋጣሚዎች 99 ከመቶው ከውሻ የሚመጣ መሆኑን የዓለም ጤና ድርጅት ይገልጻል፤ ምልክቱ አንዴ ከታየ ደግሞ የሚተርፍ ሰው የለም ማለት ይቻላል። ሌሊት ከማያውቃቸው ውሾች ጋር የሚናከስ ውሻ በየዓመቱ ክትባቱን ያልወሰደ ከሆነ ጠዋት ወደ ልጆቻችን የሚመለሰው ምን ይዞ እንደሆነ አይታወቅም። በአቡነ ዮሴፍና በቦረና ሳይንት አካባቢ ለሚኖሩ አንባቢዎች አንድ ነገር ልጨምር፤ በአገራችን ብቻ የሚገኘው ቀይ ቀበሮ ከሚያልቅባቸው ምክንያቶች አንዱ ከውሻ የሚተላለፈው ይኸው በሽታ ነው። ልክ ያለው፣ አየር የሚገባው ማደሪያ ለሌሊት የሚጠቅመው ለዚህ ነው፤ ከጸሐፊው ምክር ጋር በቀጥታ የተቃረነ ቢሆንም ውሻው ቀን ወጥቶ ማታ ቢገባ ይሻላል።

በሣጥን ስለ መቅጣት ብዙ አልጽፍም። ውሻ የሚተኛበትን ቦታ ከቁጣና ከዱላ ጋር ካያያዘው በፈቃዱ አይገባም፤ በጉልበት ሲያስገቡት ደግሞ እጅ ይነክሳል። «ሁለት ሌሊት ካለቀሰ በኋላ ይለምዳል» የሚለውም እንደዚያው ነው፤ ዝም የሚለው ተስፋ ቆርጦ ሊሆን ይችላል። በሩ ክፍት ሆኖ ምግቡን መጀመሪያ በደጁ፣ ቀጥሎ ከውስጥ እየሰጡ፣ ሲበላ በሩን ለጥቂት ደቂቃ ገርበብ እያደረጉ አንድ ሁለት ሳምንት ቢታገሡት ያለ ልቅሶ ይለምዳል።

የሠለጠኑት አገሮች ሁሉ ውሻቸውን በኬጅ እንደሚያውሉ የተጻፈው ትክክል አይደለም። አሜሪካ ውስጥ ኬጅ በሰፊው ይሠራበታል፤ ስዊድንና ፊንላንድ ግን ለጉዞና ለመሳሰሉት ልዩ ምክንያቶች ካልሆነ በቀር ውሻን በቤት ውስጥ በኬጅ ዘግቶ ማኖርን በሕግ ይከለክላሉ። ስለዚህ ከውጭ አገር አንድ ልማድ መርጦ ሁሉም እንዲህ ያደርጋሉ ማለት አንባቢን ያሳስታል።

የቀረው ቦታው ነው። ጸሐፊው በር ሥር ይሁን ያሉት ገቢና ወጪውን እንዲያይ ነው። ጉልበተኛ ውሻ ግን በር ሥር ሲሆን አላፊ አግዳሚው ሁሉ ስለሚቀሰቅሰው አያርፍም። ከዚህም በላይ በወሎ ግቢ ብዙ ጊዜ የአንድ ሰው ብቻ አይደለም፤ ክርስቲያኑና ሙስሊሙ አንድ በር፣ አንድ ቧንቧ ይጋራሉ። የውሻ ምራቅ የነካው ዕቃ ሰባት ጊዜ እንዲታጠብ ለሚታዘዝ ሰው፣ በር ሥር የተቀመጠ ውሻ በየሶላቱ ሰዓት ፈተና ነው። የግቢያችን ታላቅ እናት አንድ ጊዜ በጨዋነት እንዲህ ብለውኝ ነበር፤ «ልጄ፣ ውሻህ ክፉ አይደለም፤ ግን ለውዱእ ስወጣ ቀሚሴን በአፍንጫው ይነካብኛልና ወደዚያ አርቅልኝ።» አዲሱን ሣጥን ሳሠራ አስቀድሜ እርሳቸውን ጠየቅሁ። ቦታውን ራሳቸው መረጡልኝ፤ ከቧንቧውና ከመስገጃቸው የራቀ፣ ከቤቴ ጀርባ ባለው የወይራ ዛፍ ሥር፣ ከሰዓት በኋላ ፀሐይ የማይደርስበት፣ ውሻው የእኔን በር ግን የሚያይበት ጥግ ነው። ላሜራ አልገባበትም።